ሁሉንም ቀቅዪ

ነቀምቴ የገባሁት በሰኔ ነው። የነርስነት ዲፕሎማዬን ከተቀበልኩ ወር አልሞላኝም፤ ዕድሜዬም ሃያ አንድ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ነው። አውቶቡሳችን ከባኮ ወዲህ ጭቃ ይዞት አንድ ቀን ሙሉ ስላዋለን፣ ከተማዋ የደረስኩት እሑድ አመሻሹ ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ነጭ ዩኒፎርሜን ተኩሼ፣ ቆቤን በመርፌ ቁልፍ አስይዤ፣ ሰዓቴን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ሜትረኗ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ።

ሜትረኗ፣ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ፣ ሲስተር አስካለ ይባላሉ። ደህና አደርሽ ከማለታቸው በፊት ጥፍሬን አዩ።

«አጭር ነው። ጥሩ። ኦሮምኛ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ትማሪያለሽ። እስከዚያው አቶ ፊጡማ አሉልሽ።»

አቶ ፊጡማ የሴቶች ዋርድ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ናቸው። በደረጃ ከእኔ በታች፣ በዕድሜም በሥራም ከእኔ በላይ ነበሩ። ሳገኛቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው የመርፌ ጫፍ በድንጋይ ይስላሉ። ያን ጊዜ መርፌ ተወግቶበት አይጣልም፤ ታጥቦ፣ ተስሎ፣ ተቀቅሎ ይመለሳል። የሳሉትን መርፌ በጥጥ ላይ አሳለፉና አሳዩኝ። ጥጡን ከሳበ ገና ነው፤ ሳይነካካው ካለፈ ለሰው ሥጋ ይሆናል። ይህን በትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም ነበር።

በዚያው ቀን ሲስተር አስካለ የመሰናበቻ መዝገቡን አሳዩኝ። የታማሚው ስም፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» የሚል ጠባብ ዓምድ። በዚያች ዓምድ ነርሷ ትፈርማለች። በመጀመሪያ ቀኔ አሥራ አንድ ሰው አሰናብቼ አሥራ አንድ ጊዜ ፈረምኩ። ምን እንደመከርኳቸው ግን ዛሬ አንዱንም አላስታውስም። «መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ውሰጂ፣ ንጽሕና ጠብቂ» ብያቸው ይሆናል።

ሌንሴ የመጣችው ክረምቱ እንደወጣ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ አዴ ድንቂቱ ከኡኬ አለፍ ብላ ካለች መንደር በበቅሎ አምጥተዋት ነበር። ባላቸው ሞተው በቆሎና ዳጉሳ የሚያርሱ ሴት ናቸው። ነቀምቴ ገበያ ሲመላለሱ አማርኛ ለምደዋል።

«ውኃ አይበቃትም» አሉን። «ትበላለች፣ ትከሳለች። የሸናችበት ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል።»

ዶክተሩ የውጭ አገር ሰው ነበሩ። ስለ ጉንዳኑ ሲተረጎምላቸው ቀና ብለው አዴ ድንቂቱን ተመለከቱና «እኚህ ሴት ምርመራውን ጨርሰውልናል» አሉ። የስኳር በሽታ ነበር። ሽንቷን በላቦራቶሪ አይተን በዚያው ቀን ኢንሱሊን ጀመርንላት።

በሳምንቱ ልጅቱ ተቀመጠች። በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ላይ ቁጭ ብላ የኔን ኦሮምኛ ታርም ጀመር። «መርፌ ሊልሞ ነው፣ ሲስተር። ሊሊሞ አይደለም።» እኔ ስሳሳት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። ጠዋት ዋርድ ስገባ መጀመሪያ የማየው የእሷን አልጋ ሆነ።

የተሰናበተችበትን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ። የገበያ ቀን ስለነበር ዋርዱ ተጨናንቋል፤ ደም የሚፈሳት ወላድ በቃሬዛ ገብታለች፤ አቶ ፊጡማ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተጠርተዋል። አዴ ድንቂቱን በአገናኝ መንገዱ ላይ አቁሜ ዕቃውን አስረከብኳቸው። አንድ የብርጭቆ ሲሪንጅ፣ ሁለት መርፌ፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ክዳኑ ቀይ የሆነ የኢንሱሊን ጠርሙስ። አንድ ጊዜ ቀድቼ አሳየኋቸው። ጭኗ ላይ የት እንደሚወጋ በጣቴ ጠቆምኩ።

«ከመውጋትሽ በፊት ሁሉንም ቀቅዪ» አልኳቸው። «ንጹሕ ካልሆነ ልጅሽ የተወጋችበት ይመግላል። ገባሽ?»

«ኤዬ» አሉ አዴ ድንቂቱ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

የእናቴ እኩያ ናቸው፤ «አንቺ» አልኳቸው። ሰዓቴንም አየሁ። ሌላ ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፈት አድርገው እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ግን ወላዷ ጮኸች፣ እኔም ሮጥኩ። ኋላ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አራት ጎረቤቶቻቸው ሌንሴን በቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ብጠራት አትሰማም። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ይህን ሽታ በትምህርት ቤት አንብቤው ነበር፤ በአፍንጫዬ ሳገኘው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዶክተሩ ሮጠው መጡ። ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ በደም ሥሯ ከፈትን፣ ኢንሱሊን በየሰዓቱ ሰጠናት።

እጄ ትንሽ ሲያርፍ ወደ እናቲቱ ዞርኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ዋርዱ ሁሉ ሰምቷል።

«መድኃኒቱን አቋርጠሻል! ምን ብዬሽ ነበር?»

አዴ ድንቂቱ ከነጠላቸው ጫፍ ላይ አንድ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ፈተው ዘረጉልኝ። ሲሪንጁ ከብርጭቆነቱ በላይ ያበራል። መርፌዎቹ ጥጥ ላይ ተኝተዋል። ጠርሙሱ እስከ ግማሽ ወርዷል። አንድ ቀን አላቋረጡም ነበር።

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። መድኃኒቱ እንደ እርጎ ተቋጥሮ ታች ቆሟል። የተለጠፈበትም ወረቀት የለም።

«ወረቀቱ የት ሄደ?»

«ውኃው ውስጥ ለቀቀ።»

«የምን ውኃ?»

«የፈላው ውኃ» አሉኝ። «ሁሉንም ቀቅዪ አልሽኝ። ሁሉንም ቀቀልኩ። በየጠዋቱ።»

ኢንሱሊን ከተቀቀለ መድኃኒትነቱ ያልቃል። አሥራ ሁለት ጠዋት እሳት አንድደው፣ ሳይሰለቹ፣ የሞተ መድኃኒት ልጃቸውን ሲወጉ ኖረዋል። ያደረጉት ያልኳቸውን ነው።

ወጥቼ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ቆምኩ። አቶ ፊጡማ ተከትለውኝ መጡ። እኔ ደግሞ ያለ ኀፍረት «ቋንቋው ነው፤ አማርኛው አልገባቸውም» አልኳቸው።

«ገብቷቸዋል» አሉ አቶ ፊጡማ ረጋ ብለው። «አማርኛሽ በደንብ ነው የገባቸው፣ ልጄ። አንቺ ነሽ ‹ሁሉንም› ያልሽው።»

ቀጥዬ የሄድኩት ሲስተር አስካለ ዘንድ ነው። ቆሜ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ምናልባትም ለአዲስ አበባ ይጽፉብኛል ብዬ ነበር። ብዕራቸውን አስቀመጡና ጠየቁኝ።

«ስንት ደቂቃ አስተማርሻቸው?»

«ሩብ ሰዓት አይሞላም።»

«እሳቸው ሲሠሩ ስንት ጊዜ አየሽ?»

«አላየሁም።»

ሲስተር አስካለ ብዕራቸውን አንስተው ሰጡኝ። ከዚያ «የሆነውን በልጅቱ ካርድ ላይ ጻፊ፤ በራስሽ ስም» አሉኝ። «ለእናቲቱም አንቺው ንገሪያቸው። ሌላ ሰው አይነግርልሽም።»

ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ለመንገር ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ልጅቱ ነቅታ ሳላያት አፌን መክፈት አልቻልኩም። ፈረቃዬ ሲያልቅም ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ አልጋዋ አጠገብ እቀመጥና የጠብታውን ፍጥነት እቆጥራለሁ። አዴ ድንቂቱ በወዲያኛው በኩል የልጃቸውን እግር ይዘው ይቀመጣሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሌንሴ ዓይኗን ገለጠች። ደንግጬ ከአቶ ፊጡማ የተማርኩትን ሰላምታ አወጣሁ። «አካም ቡልተን?» አልኳት። እንዴት አደራችሁ ማለት ነው፤ ለትልቅ ሰው ወይም ለብዙ ሰው የሚባል።

ከንፈሯ ደርቋል። ቃሉን ለማውጣት ጊዜ ወሰደባት። «እኔ አንድ ነኝ» አለችኝ። «አካም ቡልቴ በዪኝ።»

አዴ ድንቂቱ የልጃቸውን እግር እንደያዙ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ነርስ ዋርድ ውስጥ አታለቅስም ተብለን ነበር የተማርነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነገርኳቸው። «አዴ» አልኩ፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው፤ እንዲህ ብዬ ስጠራቸው የመጀመሪያዬ ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መድኃኒቱ አይቀቀልም። አላስረዳሁዎትም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝም ይቀለኝ ነበር።

«እንግዲያው አሁን ደህና አድርገሽ አሳዪኝ» አሉ።

ሲስተር አስካለ የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍሏን ሰጡን። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እዚያ እንገባለን። መጀመሪያ እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። ቀጥሎ እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አያለሁ። እጅን ወደ ኋላ ማድረግ ከባድ ነበር። ሲሳሳቱ ነጥቄ ልሠራላቸው ይቃጣኛል። አቶ ፊጡማ በር ላይ ቆመው «ተያቸው፣ ልጄ፤ እቤት አብረሻቸው የለሽም» ይሉኛል።

ሲሪንጁና መርፌው ድስት ውስጥ ይገባሉ። ጠርሙሱ ከምድጃው ርቆ ይቀመጣል። ጠርሙሱ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይንከባለላል፤ አይናጥም። ቁጥር ስለማያነቡ፣ ለሌንሴ የታዘዘላት መጠን የሚያርፍበት ቦታ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ አንገት በምንቆርጥበት ትንሽ ሞረድ ሲሪንጁን ጫርኩላቸው። ጭረቷን በጥፍራቸው ዳሰሷት። «ይህቺ ከቁጥር ትሻላለች፤ ጨለማ ውስጥም ትገኛለች» አሉኝ።

እስከ መቅዳቱ ድረስ እጃቸው እንደ አቶ ፊጡማ እጅ የረጋ ነበር። ወደ ልጅቱ ጭን ሲያቀርቡት ግን ይንቀጠቀጣል። በፊት እንዲህ አይደሉም፤ ልጃቸው ከወደቀች ወዲህ መርፌው ያስፈራቸው ጀመር። ሁለት ቀን ሞክረው ሁለቱንም ቀን ሳይወጉ ተዉት። በሦስተኛው ቀን የዩኒፎርሜን እጅጌ ሰበሰብኩና ክንዴን ሰጠኋቸው።

«ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ፈልቶ የቀዘቀዘ የጨው ውኃ ነው። እኔን ይውጉኝ።»

«አንቺን? የሰው ልጅ?»

«ሌንሴም የእርስዎ ልጅ ናት፤ እኔ እንኳ ባለዕዳዎ ነኝ።»

ወጉኝ። አመመኝ፤ አላመመኝም አላልኳቸውም። «ቀስ ሲሉ ነው የሚያመው፤ ቶሎ ያስገቡት» አልኳቸው። አምስት ጊዜ ወጉኝ። በአምስተኛው ምንም አልተሰማኝም። በማግሥቱ ሌንሴን ወጓት፤ ልጅቱ ቀና ብላ «አለቀ?» አለች።

ከዚያ መጠየቅ ጀመርኩ። «ገባዎት?» ማለት ትቻለሁ። ጠዋት ብታልባት፣ ብትንቀጠቀጥ ምን ያደርጋሉ? ማር አልሳታለሁ። እንቢ ብላ ምግብ ባትበላ? ሳትበላ አልወጋትም፤ ወደናንተ አመጣታለሁ። ጠርሙሱ ሙቀት እንዳያገኘው የት ያኖሩታል? ትልቅ እንስራ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጌ፣ በመካከሉ ትንሽ ገንቦ ቀብሬ፣ እሱ ውስጥ። ይህን እንስራ እኔ አላስተማርኳቸውም። ቅቤ እንዳይቀልጥ ሲያስቀምጡ ያደርጉት የነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ለሌላው ታማሚ ሁሉ የአዴ ድንቂቱን እንስራ አስተማርኩ።

በመጨረሻው ቀን አንድ ነገር ጨመርኩ። «እኔ ካሳየሁዎት የተለየ ነገር ካዩ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አይውጓት። ይምጡ። ለምን መጣሽ የሚልዎት የለም።»

ወሰዷት። በየሦስት ሳምንቱ ጠርሙስ ሊያልቅ ሲል ይመጣሉ። ልጅቱ ሞላች፣ ጉንጯ ወጣ። እኔም ኦሮምኛዬ ለሌሎች ታማሚዎች የሚበቃ ሆነ።

በሚያዝያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዴ ድንቂቱ ያለ ቀናቸው መጡ። ሌንሴ በቅሎ ላይ ናት፤ እሳቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰዋል። ጎሕ ሲቀድ ተነስተው ሲሄዱ ውለዋል።

«ዛሬ አልወጋኋትም» አሉኝ ገና ከበሩ። ከጨርቁ ውስጥ ያልተከፈተ ጠርሙስ አወጡ። «ክዳኑ ሌላ ነው።»

ባለፈው ሳምንት በእጄ የሰጠኋቸው ጠርሙስ ነበር። አዲስ ዕቃ ከአዲስ አበባ በመጣ ማግሥት፣ ስሙን ብቻ አንብቤ ሰጥቻቸዋለሁ። ክዳኑ አረንጓዴ ነው።

«ስሙ አንድ ነው፣ አዴ፤ ፋብሪካው ቀለም ቀይሮ ይሆናል» ብዬ ጀመርኩ። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ እንዳስኬድኳቸው አስቤ አዘንኩ። ከዚያ ትንሿን ጽሕፈት አየኋት። የበፊቱ ጠርሙስ አርባ ይላል። ይህኛው ሰማንያ ይላል።

ቁጥሩ የመድኃኒቱን ብርታት ነው የሚነግረው፤ እጥፍ ነው። እኔ በጫርኩት ጭረት ቀድተው ቢወጓት የታዘዘላትን እጥፍ ይሰጧታል። ከቤታቸው እስከ እኛ ድረስ ግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ልጅቱን በሕይወት አናገኛትም ነበር።

በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዴ ድንቂቱ ግራ ገብቷቸው «መድኃኒቱ ተበላሽቷል እንዴ?» አሉኝ።

«አልተበላሸም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ሁለተኛ ጊዜ።»

«እኔ ደግሞ ስትሳሳቺ ዝም ብዬ አላልፍሽም» አሉና ሳቁ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሌንሴን እኛ ዘንድ ከቀረው ከድሮው ዓይነት ጠርሙስ ወጋናት። ሲስተር አስካለ ወዲያውኑ መዝገቡን አስወጡ። አረንጓዴ ክዳን የወሰዱ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የከተማ አስተማሪ፣ አንዷ የሻምቡ መንገድ ላይ የምትኖር ነጋዴ። አቶ ፊጡማ በሆስፒታሉ ላንድሮቨር ሄደው ሁለቱንም ጠርሙስ ሳይከፈት ሰበሰቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንሱሊን ከግምጃ ቤት ሲወጣ ሁለት ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ሆነ።

ሲስተር አስካለ ሌላም ነገር አደረጉ። መድኃኒት ለመውሰድ በመጡ ቁጥር አዲስ የስኳር ታማሚ ካለ፣ አዴ ድንቂቱ አንሶላ ክፍሏ ውስጥ አብረውን እንዲቀመጡ ለመኗቸው። አንድ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ሹም ትዝ ይሉኛል። ሱፍ የለበሱ፣ ቆፍጣና ሰው ናቸው። መመሪያውን አንብበው «በቃ፣ ግልጽ ነው» ብለው ሊነሱ ሲሉ አዴ ድንቂቱ ሲሪንጁን አቀበሏቸው።

«እስቲ ይቅዱ፣ ጌታዬ።»

ሹሙ ቀዱ። ግማሹ አየር ነበር። አዴ ድንቂቱ ሲሪንጁን ገልብጠው አየሩን አሳዩዋቸው። ሹሙ ኮታቸውን አውልቀው እንደገና ተቀመጡ።

ሌንሴ በአሥራ አራት ዓመቷ ራሷን መውጋት ጀመረች። ነቀምቴ አክስቷ ቤት ሆና ተማረች፤ የልብስ ስፌትም ለመደች። እኔ ወለጋ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ቄለም፣ ተመልሼ ነቀምቴ። ወደ ጎጃም የተዛወርኩት መንግሥቱ ከመለወጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በሄድኩበት ቀን እናትና ልጅ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። አዴ ድንቂቱ ሁለት እጄን ይዘው በኦሮምኛ መረቁኝ፤ አንዱንም ቃል ማስተርጎም አላስፈለገኝም።

ከሌንሴ ሦስት ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ሁሉንም በራሷ እጅ የጻፈችው። በሦስተኛው እናቷ ደህና እንደሆኑ፣ ለሁለት ወር የሚበቃ መድኃኒት እጇ ላይ እንዳለ፣ የሙሽራ ልብስ እየሰፋች እንደሆነ ነገረችኝ። የማን ሙሽራ እንደሆነ አልጻፈችም። መልስ ላክሁላት። ከዚያ በኋላ እኔም ተዛወርኩ፣ ዘመኑም ተለወጠ፣ የደብዳቤው መንገድ ጠፋብን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

ነርስ ሆናችሁ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ታማሚውን ገባህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፤ አዎ ይላችኋል። ዕቃውን ስጡት፣ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ሲሠራ እዩት። ካላያችሁት አትፈርሙ።